የአዲስ ዓለም ቦታ

ክፍል 3

(ባለፈው ሳምንት፦ ተራኪው በአያቱ ዳዊት ውስጥ ያገኛትን ማስታወሻ ይዞ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ላይ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ገባ። ያሳደሩት እማማ ወረቀቷን አገላብጠው አዩና «ነገ በጠዋት ደብሩ ይዘህ ውጣ» አሉት።)

እኛ ቤት ቃል ተገብቶበት የቀረ ነገር ሁሉ «የአዲስ ዓለም ቦታ» ይባላል። አባቴ አስር ዓመት ሲሞላኝ ብስክሌት ሊገዛልኝ ቃል ገብቶ ነበር። አስራ አንድ ሲሞላኝ እናቴ «ይሄም የአዲስ ዓለም ቦታ ሆነ» አለች። የአክስቴ ሠርግ የቀረ ጊዜም ያው ተባለ። ቅድመ አያቴ የግቢ አናጢ ነበር አሉ፤ ቦታ ተመርቶ ሳይገባበት ቀረ፤ መጋዙን ተሸክሞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከዚህ በላይ የሚያውቅ የለም። የጠየቀም አልነበረም።

ደብሩ ኮረብታው አናት ላይ ነው። «ዳገቱ አያደክምም» ብለውኝ ነበር እማማ። የማያደክመው የእሳቸው እግር ነው እንጂ እኔስ ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። የቆምኩበት ሁሉ ግን ያሳያል፤ ከተማዋ፣ አስፋልቱ፣ የጤፉ ማሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባሕር ዛፍ። ዓይን እስከሚደርስበት ባሕር ዛፍ ነው።

መስቀል ተሳልሜ ወረቀቷን ለአባ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቧት። «በምሥራቅ ጥርጊያው፣ በምዕራብ ምንጩ፣ በሰሜን ሁለት ወይራ፣ በደቡብ የአናጢዎች ሰፈር። የአባቴ ምሪት።»

«አናጢ ነበሩ?»

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያው ቀና በል» አሉኝ ወደ ጣሪያው እያሳዩ። «እጃቸው እዚህ ላይ ይኖራል። ይሄ ሲጀመር ለቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ለንጉሥ ቤት ነበር።»

አባ የነገሩኝን በእሳቸው ቃል ብጽፈው ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እንዲህ ነው። የዚያን ዘመን ዋና ከተማ እንደ ዛሬው ተተክሎ የሚቀር ነገር አልነበረም። ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር ተነስተው ልቼን አይተዋል፣ እንጦጦ ላይ ከትመዋል፣ በ1879 ደግሞ ወደ ፍል ውሃው ወርደው አዲስ አበባን መሥርተዋል። ግቢ ሲሰፍር ሠራዊቱ፣ ባለሟሉ፣ ጠጅ ጣዩና ወጥ ሠሪው አብሮ ይሰፍራል፤ ይህ ሁሉ ሰው ቤት የሚሠራው በእንጨት፣ የሚያበስለውም በእንጨት ነው። ዛፉ ሲያልቅ ከተማው ይነሳል። አዲስ አበባም አስራ ምናምን ዓመት ሳይሞላት የማገዶ ያለህ ማለት ጀመረች፤ እንጦጦ ተራቆተ፣ እንጨት ለቃሚው ከዓመት ዓመት ራቅ እያለ ሄደ። ስለዚህ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ገና ጫካው ወዳልተነካበት ወደዚህ ኮረብታ ፊታቸውን አዞሩ። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት።

አገሬው ግን ሥፍራውን ከዚያ በፊትም ኤጀሬ ይለው ነበር፤ ዛሬም ይለዋል። መኪና ተራ ላይ ረዳቱ ሁለቱንም እያፈራረቀ ይጠራል። አዲስ ዓለም የሚለው ስም ራሱ ባዶ መሬት ላይ የወደቀ አይደለም ለማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ቀረ?» አልኳቸው።

«ዛፍ መጣና ቀረ» ብለው ሳቁ።

ባሕር ዛፍ! ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የተገኘ ተክል። በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። አዲስ አበባ እሱን ተከለችና ከመነሳት ዳነች። ሌላም ምክንያት ነበር፤ ከአድዋ በኋላ የመጡት የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች አዲስ አበባ ላይ ተደላድለዋል፣ እንደገና ጓዝ መሸከም አልፈለጉም። ምኒልክም ሐሳባቸውን ለወጡ። የተጀመረውን ቤተ መንግሥት ለማርያም ሰጡት፤ ደብረ ጽዮን ተባለ።

እስከዚህ ያለውን መጽሐፍም ይነግራችኋል። እኔን የገረመኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ንጉሥ ያልመጣባት ከተማ ለምን አልጠፋችም? ከኮረብታው ስወርድ መልሱ ከእግሬ ሥር የተዘረጋ መሰለኝ። ግቢው ይዛወራል ተብሎ ከአዲስ አበባ እስከዚህ መንገድ ተጠርጎ ነበር፤ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ግቢው ቀረ፣ መንገዱ አልቀረም። ወደ አምቦ ቀጠለ። መንገደኛ ካለ ሻይ የሚያፈላ አለ፣ ሻይ የሚያፈላ ካለ አልጋ የሚያከራይ አለ፤ ደብሩ ደግሞ ካህኑን፣ ቆሎ ተማሪውንና ስለት ያለበትን ሰው ይሰበስባል። ለእኔ አዲስ ዓለምን ከተማ ያደረጋት ምኒልክ መምጣት መፈለጋቸው ሳይሆን፣ እሳቸው ሲቀሩ ሌላው ሰው አለመቅረቱ ነው። ይህን ስል አንድ አይሱዙ አጠና እስከ ጫፉ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ አለፈኝ። ቤተ መንግሥቷን ያስቀረባትን ዛፍ ዛሬ ቆርጣ ትሸጣለች።

አባ አንድ ቆሎ ተማሪ ጨምረውልኝ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ይዘን መፈለግ ጀመርን። ጥርጊያው አላስቸገረንም፤ ከአስፋልቱ ጎን ሣር የበላው አሮጌ ፈለግ አለ። ምንጩ ደርቋል። «ባሕር ዛፉ ጠጣው» አለኝ ልጁ። ከሁለቱ ወይራዎች አንዱ ጉቶ ነው፤ ሌላው ቆሟል፣ ግንዱ የሁለት ሰው እቅፍ ይሞላል።

ቦታው ከሞላ ጎደል ይሄ ነው ማለት ነው። ባዶ መሬት፣ ቢበዛ የሰው ማሳ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት ግን አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት፣ ጓሮው ጌሾ፣ ደጃፉ ላይ የተኛ ቡችላ። ቤቱ የዛሬ ሃያ ሠላሳ ዓመት የተሠራ ይመስላል። በሩ ግን የዚያ ቤት በር አይደለም፤ የጥድ ሳንቃ ነው፣ ወፍራም፣ ምስማር ያልገባበት፣ እንጨት በእንጨት የተያያዘ።

ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ በመሮ የተፋቀ ምልክት አለ። ሦስት አጫጭር መስመር፣ በላያቸው አንድ አግድም።

ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። እናቴ ጋቢዋን የምታስቀምጥበት የአያቴ ሣጥን ላይ አለ። ልጅ ሆኜ በጣቴ ስዳስሰው ነው ያደግሁት።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። ዘጠና የሚጠጉ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ቆሎ ተማሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እኔም ተከተልኩ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

ስሜን ነገርኳቸው። አልበቃቸውም፤ በከዘራቸው ቀጥል የሚል ምልክት ሰጡኝ። የአባቴን ጠራሁ። የአያቴን ጠራሁ። የቅድመ አያቴን ልጠራ አፌን ስከፍት እሳቸው ቀድመው ጠሩት።

«የኔም አያት ነው» አሉኝ፤ አልተገረሙም። «ግባ። መቃብሩን ሳይመሽ አሳይሃለሁ፣ ቅርብ ነው።»

የቅድመ አያቴ መቃብር ግን አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ግርጌ ካለው ደብር ነው። ባለፈው ዓመት ድንጋዩን ያሳደስኩት እኔ ነኝ።

(ሳምንት ይቀጥላል)