ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ፦ የአደን ደንብ፣ ተፈጥሮና የወፎች ቁጥር

አባቶቻችን ንግግርና ጉዳዩ፣ ውርወራና ዒላማው ሳይገናኙ ሲቀሩ «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» ይላሉ። የተወረወረው ዱላ በአንድ በኩል፣ ወፏ በሌላ በኩል መሆናቸው ነው። የዱር ወፎችን ለመጠበቅ የሚወጡ ደንቦችም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ይሆናሉ። ደንቡ አዳኙን ይቆጣጠራል፤ ወፏ ግን በሌላ ምክንያት ታልቃለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቆቅ፣ ጅግራና ድርጭትን የመሰሉ በመሬት ላይ የሚኖሩና ለሥጋቸው የሚታደኑ ወፎች ቁጥር በምን ሕግ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ማስረዳት ነው።

አንባቢ «የፊዚክስ መምህር ከቆቅ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ አጭር ነው። የአንድ ሥርዓት መጠን በገቢና በወጪ ሲወሰን፣ ገቢውና ወጪውም በተራቸው በመጠኑ ላይ ሲመሠረቱ፣ ነገሩ የውኃ ማጠራቀሚያም ይሁን የወፍ መንጋ በአንድ ዓይነት ሒሳብ ይጠናል። ቤልጂየማዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ቬርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 የሕዝብ ብዛት ያለ ገደብ እንደማያድግና አካባቢው ሊሸከመው ወደሚችለው መጠን እየተጠጋ ሲሄድ ዕድገቱ እንደሚቀንስ በቀመር ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው።

የአንድ ኮረብታ ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል አንድ ቁጥቋጦ የለበሰ ኮረብታ በዓይነ ሕሊናችን እንሣል። በበጋው የሚገኘው ምግብና መሸሸጊያ የሚበቃው ለ100 ቆቆች ብቻ ነው እንበል። ይህንን ቁጥር የኮረብታው የመሸከም ዐቅም እንለዋለን። መቶዎቹ 50 ጥንድ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ጥንድ ክረምቱን አልፈው የሚያድጉ 3 ጫጩቶች ቢያተርፍ፣ በመስከረም መጨረሻ በኮረብታው ላይ 250 ወፎች ይኖራሉ። አዳኝ ባይኖርም እንኳ ረኀብ፣ ቀበሮ፣ ጭልፊትና በሽታ 150ዎቹን ወስደው፣ በሚቀጥለው የመራቢያ ወቅት ዋዜማ ቁጥሩ ወደ 100 ይመለሳል።

አሁን አዳኞች በጥቅምት 90 ወፎችን ወሰዱ እንበል። የሚቀሩት 160 ናቸው። በጋው ከነዚህ 60 ወስዶ 100 ያስቀራል። በዓመቱ መጨረሻ በታደነውና ባልታደነው ኮረብታ መካከል ልዩነት የለም ማለት ነው። አዳኙ የወሰደው ተፈጥሮ ትወስደው የነበረውን ትርፍ ነውና። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፖል ኤሪንግተን በአይዋ ግዛት በድርጭት መሰል ወፎችና በሌሎች እንስሳት ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህንን የማካካሻ ሐሳብ በሰፊው አስተዋውቋል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከኮረብታው ግማሹ ታርሶ ወይም ቤት ተሠርቶበት የመሸከም ዐቅሙ ወደ 50 ወረደ እንበል። የአዳኞቹ ድርሻ ግን እንደ ቀድሞው 90 ነው። በመስከረም 125 ወፎች ይኖራሉ፤ 90 ሲወሰዱ 35 ይቀራሉ። ሠላሳ አምስቱ በሚቀጥለው ክረምት ተራብተው ወደ 87 ይደርሳሉ፤ አዳኞቹ ዘጠና ሳይሞሉ ኮረብታው ባዶ ይሆናል። ልብ እንበል፤ አዳኞቹ አንድም ወፍ አልጨመሩም፣ ደንብም አልተጣሰም። ለብዙ ዓመታት ጉዳት ያላደረሰው ያው ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ መንጋውን ፈጀው። የተለወጠው ኮረብታው ነበር።

ደንቡ በቋሚ ቁጥር ፈንታ በመቶኛ ቢወጣስ? ቀድሞ ከ250 ወፎች 90 መውሰድ 36 በመቶ መውሰድ ነበር። ከ125ቱ 36 በመቶ 45 ነው፤ 80 ይቀራሉ፤ በጋው ወደ 50 ያወርዳቸዋል፤ መንጋውም በአዲሱ ዐቅሙ ጸንቶ ይኖራል። መሐንዲሶች ይህንን አሉታዊ ግብረ-መልስ ይሉታል፤ ወፎቹ ሲቀንሱ የሚወሰደውም አብሮ ስለሚቀንስ ሥርዓቱ ራሱን ያርማል። ነገር ግን መቶኛ ለማስላት በቅድሚያ መቁጠር ያስፈልጋል። ያልተቆጠረ መንጋ መቶኛ የለውም።

ዋናውና ወለዱ

ከላይ የቀረበው ሒሳብ ለማስረዳት የቀለለ ነው። በእውነተኛው ዓለም ማካካሻው ምሉዕ አይደለም፤ ጊዜውም ወሳኝ ነው። በጥቅምት የተወሰደች ወፍ በአብዛኛው ከወለዱ ናት፤ ባትታደንም በጋውን የማለፍ ዕድሏ ጠባብ ነበር። ክረምቱ ሲቃረብ የተወሰደች ወፍ ግን በጋውን ያለፈች፣ እንቁላል ልትጥል የተዘጋጀች ናት። እርሷን መውሰድ ከዋናው መውሰድ ነው፤ ከርሷ ጋር ያልተፈለፈሉት ጫጩቶችም ይሄዳሉ። ከጎጆ እንቁላል መሰብሰብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ብዙ አገሮች አደንን የሚፈቅዱት በተወሰኑ ወራት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ምሳሌ እናንሣ። የኤርክል ቆቅ ተብሎ የሚጠራው ትልቅ ቆቅ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሱዳን ተወላጅ ሲሆን፣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ለአደን ተብሎ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወሰደ። ዛሬ በዚያ ተራብቶ ይገኛል፤ የሚታደነውም በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ወቅት፣ በፈቃድና በቀን ተወስኖ በተሰጠ ቁጥር ነው። የኛው ቆቅ በባዕድ አገር የጊዜና የቁጥር ደንብ አለው።

ደንቡ የማይደርስበት

ደንብ ብቻውን የማይበቃ ስለ መሆኑ ሁለት የታወቁ ጥናቶችን እንመልከት። በብሪታኒያ በእርሻ መሬት ላይ የሚኖረው ግራጫ ቆቅ ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ቁጥሩ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ዲክ ፖትስ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳሴክስ በተጀመረው የረጅም ጊዜ ጥናት ምክንያቱን ሲከታተል፣ ዋናው ችግር የተገኘው በጫጩቶቹ ምግብ ላይ ነበር። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያድጉት በነፍሳት ነው። የአረም መድኃኒት ሲረጭ አረሙ ይጠፋል፤ በአረሙ ላይ የሚኖሩት ነፍሳትም ይጠፋሉ፤ ጫጩቶቹም ይራባሉ። በኋላም ከማሳው ዳር ጥቂት ሜትር ሳይረጭ ሲተው በሕይወት የሚተርፉት ጫጩቶች ጨመሩ። መፍትሔው የተገኘው ከጠመንጃው ሳይሆን ከማሳው ጠርዝ ነው።

ሁለተኛው የቀይ ግራውዝ ታሪክ ነው። ይህ በሰሜን እንግሊዝ የሚታደን ወፍ በየጥቂት ዓመቱ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሃድሰን፣ ዶብሰንና ኒውቦርን እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ወፎቹን እየያዙ የአንጀት ትል መድኃኒት ሲሰጧቸው፣ የቁጥሩ ማሽቆልቆል በእጅጉ ቀነሰ። ወፎቹ ሲበዙ ትሉም ይበዛል፤ ነገር ግን ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። የዘገየ ግብረ-መልስ ማወዛወዝን እንደሚፈጥር ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ወፍ ጠፋ ብሎ አዳኙን መክሰስ፣ በዛ ብሎም ደንቡን ማመስገን ሁለቱም ችኮላ ናቸው።

የኛ ሕግና የኛ ወፎች

ኢትዮጵያ የአደን ሕግ ያወጣችው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ወጥቷል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 541 ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ደነገገ፤ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ፤ በ2001 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 ተከተለ። የነዚህ ሕጎች ትኩረት ፈቃድ፣ ክፍያና የተከለለ አካባቢ ነው። ይህ ለኒያላና ለዝሆን አስፈላጊ ነው። ቆቅ ግን በአብዛኛው የምትኖረው ከፓርኩ ውጭ፣ በገበሬው ማሳ ዳርና በወንዝ ገደል ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የሃርውድ ቆቅ ነው። ይህ ወፍ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች፣ በተለይም በሰሜን ሸዋ በጀማ ሸለቆ እንጂ በዓለም ሌላ ስፍራ አይገኝም። በወንዝ ዳር ባለ ፊላና ቁጥቋጦ ይሸሸጋል፤ በማሽላ ማሳም ይመገባል። ወጥመድና እንቁላል መልቀም ይጎዱታል፤ ፊላው ሲቆረጥና ቁጥቋጦው ሲመነጠር ግን የመሸከም ዐቅሙ ራሱ ይወርዳል። በኮረብታው ምሳሌ እንዳየነው፣ አደገኛው የሁለቱ መደራረብ ነው።

ከአቃቂ ስንመለከተው

አቃቂ ቃሊቲ ይህ ሒሳብ በዓይን የሚታይበት ስፍራ ነው። በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የቆሙት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። የአቃቂና አባ ሳሙኤል ረግረግ ለወፎች ጠቃሚነቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ሲሆን፣ የውኃ ወፎቹን ለማየት የሚመጣ አይጠፋም። በሣርና በገለባ መካከል የምትሸሸገውን ድርጭት ግን የሚያስባት ጥቂት ነው። ሕዝብ ቤት ያስፈልገዋል፤ ይህ አያከራክርም። ጥያቄው በቤቶቹ መካከል የሚቀረው አረንጓዴ ስፍራ እንዴት ይቀራል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ስታቲስቲክስ አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። በአጋጣሚ የሚፈጠር መዋዠቅ በግምት የቁጥሩ ካሬ ሥር ያህል ነው። ለ100 ወፎች ይህ 10፣ ማለትም 10 በመቶ ነው፤ ለ9 ወፎች ግን 3፣ ማለትም 33 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰፊ ቁጥቋጦ ተቆራርጦ አሥር ትንንሽ ቁራጭ ሲሆን፣ ጠቅላላ ስፋቱ ባይቀንስም እንኳ በእያንዳንዱ ቁራጭ ያሉት ጥቂት ወፎች አንድ ውሻ ወይም አንድ የበረዶ ዝናብ ሊያጠፋቸው ይችላል። የወንዝ ዳርቻዎችን ሳይቆረጡ እንደ መተላለፊያ ማቆየት ቁራጮቹን መልሶ ያገናኛል፤ ወንዝ ዳር ለጎርፍ የተጋለጠ በመሆኑም ለቤት የሚመረጥ ስፍራ አይደለም።

ተማሪዎችስ ምን ማድረግ እንችላለን? መቁጠር። ቆቅ ጎሕ ሲቀድ ትጮኻለች። በአንድ በተመረጠ መንገድ፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንትና ሰዓት፣ በየ500 ሜትሩ ቆሞ ለ5 ደቂቃ የሚሰማውን ድምፅ መመዝገብ ደብተርና ሰዓት ብቻ ይጠይቃል። ዘንድሮ 20 ድምፅ፣ ለከርሞ 16 ቢመዘገብ ወፍ ቀነሰ ለማለት አይቻልም፤ የ20 ካሬ ሥር አራት ተኩል ያህል ነውና። በተከታታይ አምስትና ስድስት ዓመት እየወረደ ከሄደ ግን መረጃ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም ድምፁ የቀነሰው በተመነጠረው በኩል ብቻ ነው ወይስ ባልተመነጠረውም ብለን ማነጻጸር እንችላለን፤ ጥፋቱ የወጥመድ ነው ወይስ የመሬት የሚለውን መለየት የሚጀመረው በዚህ ነው።

ደንብ አውጪ ያለ ቁጥር የሚወረውረው ዱላ ወፏን አያገኛትም። ቁጥሩን ማምጣት ደግሞ ከማንም በላይ ጠዋት በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ የአካባቢው ተማሪ የሚችለው ሥራ ነው።