የአንድ ዘመን የቼዝ ውድድር ነጥብ እንዴት ይቈጠር?

«ሰንጠረዥ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው ቀድሞ በመሳፍንትና በመኳንንት አዳራሽ ይዘወተር የነበረው ጨዋታ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተወዳዳሪዎች ስም በተርታ ተጽፎ ነጥባቸው የሚሰፍርበት ገጽ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ አዋቂዎችና ታዳጊዎች አብረው የሚካፈሉበት፣ ወራት የሚፈጅ የቼዝ ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ሁለቱንም ሰንጠረዦች ማወቅ ይኖርበታል። ጨዋታውን የሚያውቅ አይታጣም፤ ችግሩ የሚነሣው ከነጥቡ አቈጣጠር ላይ ነው።

በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ድል ሁሉ እኩል አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ጨዋታው ሲዘወተር አይቶ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ደንቡ ጥናት አሳትመዋል። በዚያ ደንብ የባላጋራውን ንጉሥ በፈረስ ወይም በማዕዘን በሚቆመው በደር መውጫ ያሳጣ ተጫዋች ብዙ አይመሰገንም፤ በደካሞቹ፣ ይኸውም በፊል ወይም በእግረኛ ወታደር የጨረሰ ግን ይደነቃል። (በ1932 ዓ.ም. የፈረሰኞች ማኅበር ባቋቋመው በአዊ ሕዝብ ፊት ፈረስን እንዲህ ማሳነስ ይቻል እንደሆነ እንጃ!)

የዛሬው ቼዝ ይህን ማዕርግ ትቶታል። በማናቸውም መንገድ ያሸነፈ 1፣ አቻ የወጣ ግማሽ፣ የተሸነፈ 0 ያገኛል። ግማሽ ነጥቡም ቢሆን ከመጀመሪያው አልነበረም፤ በ1862 በለንደን በተደረገው ውድድር አቻ የወጣ ጨዋታ እንደገና ይደገም ነበር። በ2008 ደግሞ በስፔን በቢልባኦ ከተማ እንደ እግር ኳስ ለድል 3፣ ለአቻ 1 ተሰጥቷል። ዓላማው ተጫዋቾች ሳይደክሙ በስምምነት እንዳይለያዩ ነው። ለጀማሪ ማኅበር ግን የተለመደው ግማሽ ነጥብ ይበቃል እላለሁ።

አስቸጋሪው ነገር የቀረ ሰው ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል አሥራ ሁለት ዙር ያለው ውድድር አለ እንበል። የእንጅባራው ተጫዋች ሁሉንም ዙር ተጫውቶ 7 ጊዜ አሸነፈ፤ 5 ጊዜ ተሸነፈ። የዳንግላው፣ መምህር ነውና ፈተና እያረመ አራት ዙር ቀርቶ፣ በስምንት ጨዋታ 6 አሸነፈ፤ አንዱን አቻ ወጣ፤ አንዱን ተሸነፈ። በድምር ቢቈጠር የእንጅባራው በ7 ለ6 ተኩል ይቀድማል። በመቶኛ ቢሰላ የዳንግላው 81፣ የእንጅባራው 58 ይሆናል። ብዙ አዘጋጆች ለማስታረቅ ሲሉ «ከየአንዳንዱ ምርጥ ስምንት ውጤት ብቻ ይያዝ» ይላሉ። ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሆኖም የእንጅባራው አራቱን ሽንፈት ጥሎ 7 እንደያዘ ይቀራል፤ የዳንግላው የሚጥለው የለውም። መቶኛውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቀድሞ የመራ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ የሌሎችን መድከም ይመለከታል።

ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ ጥቂት ከሆኑ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ ጊዜ ቢጋጠም ይሻላል። አሥራ ሁለት ሰው ቢሆን ለየአንዳንዱ 11፣ በጠቅላላው 66 ጨዋታ ነው። የማይመቸው ሰው ቀጠሮውን ያስተላልፍ፤ ነገር ግን የመጨረሻው ቀን አስቀድሞ ይወሰን። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ያስቀረው ሰው 0፣ ተጋጣሚው 1 ያግኝ፤ ሁለቱም ካጠፉ ሁለቱም 0። ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ሳምንት ግን ቀጠሮ የሚይዝ አዘጋጅ ባዶ ወንበር ቢጠብቀው አይገረም።

ሁለት ሰዎች በነጥብ እኩል ቢሆኑ ያሸነፏቸው ሰዎች ነጥብ በሙሉ፣ አቻ የወጧቸው ነጥብ በግማሽ ይደመር። ይህ ሶንቦርን በርገር የሚባለው ዘዴ ነው። ብርቱውን ያሸነፈ ደካማውን ካሸነፈው ይበልጣል።

ስለ ታዳጊዎች አንዳንዶች «አዋቂን ያሸነፈ ልጅ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠው» ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ልጁን እንደ እንግዳ ማየት ነው። በአንድ ሰንጠረዥ ይሰለፍ፤ ከዚያው ላይ የታዳጊዎች ተራ ተለይቶ ይወጣል። የልጁን እድገት የሚለካው የደረጃ ቍጥር ነው። የፊዚክስ መምህሩ አርፓድ ኤሎ የቀመሩትን ዘዴ የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀብሎታል። ደረጃው 1600 የሆነ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ 1800 ያለውን አዋቂ ቢያሸንፍ 30 ነጥብ ያህል ይጨምራል፤ ብዙ ተጫውቶ ደረጃው የጸናው አዋቂ የሚያጣው ግን 15 ያህል ነው። ምክንያቱም ልጅ ቶሎ ይለወጣልና ቍጥሩም ቶሎ እንዲከተለው ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ የልጁ ዕድሜ የሚቈጠርበት ቀን። ፌዴሬሽኑ ጃንዋሪ 1ን ይዟል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለሚካሄድ ውድድር ይህ ቀን መኻል ላይ ይገባል፤ ልጁ ታዳጊ ሆኖ ጀምሮ አዋቂ ሆኖ እንዳይጨርስ መስከረም 1 ቢያዝ የተሻለ ነው።