የሞተር ብስክሌት የፊት ፎርክና ዘይቱ

ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ የሞተሩን ዘይት በጊዜው መለወጥ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ነገር ግን ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ በቆሙት ሁለት ቱቦዎች ውስጥም ዘይት እንዳለ፤ ያም ዘይት አርጅቶ መለወጥ እንደሚገባው የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔም ይህን የተማርኩት በአጎቴ ላይ ከደረሰው ጉዳት ነው።

አጎቴ በእንስሳት ጤና ሥራ በገጠር ስለሚዘዋወር ባለፈው ዓመት አንድ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዛ። ሻጩ «ሞተሩ አንደኛ ነው» አለው፤ ሞተሩም በእውነት ደኅና ነበር። ይሁን እንጂ ፍሬን በያዘ ቁጥር የፊቱ ክፍል ወደ መሬት ይደፋ፤ በኮረኮንች መንገድም ላይ ይንቋቋ ነበር። ለአንድ ጠጋኝ ቢያሳየው «አሮጌ ሞተር ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ መለሰው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቁልቁለት ላይ አንዲት ፍየል ድንገት ገባችበት። ፍሬን ሲይዝ የፊት ጎማው እየነጠረ መሬቱን ለቀቀበት፤ ወደቀና የግራ ክንዱ ተሰበረ። ደግነቱ ዘወትር ከኋላው ተቀምጣ ገበያ የምትሄደው እናቴ በዚያ ቀን አልነበረችም።

ክንዱ እስኪጠገን ድረስ እርሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያዘዘ፤ እኔ በእጄ እየሠራሁ፤ ከፋብሪካው መምሪያ መጽሐፍ ጋር እያመሳከርን ፎርኩን አደስነው። ለጓደኞቼና ለወላጆች ይጠቅም እንደሆነ የተማርኩትን እነሆ አቀርባለሁ።

ፎርክ እንዴት ይሠራል?

ፎርኩ ሁለት እግሮች አሉት። በእያንዳንዱ እግር አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል፤ በውስጡም ረጅም ሞላና ዘይት አለ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል። ሞላ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተጨመቀው መልሶ ስለሚገፋ ብስክሌቱ እንደ ኳስ ሲነጥር ይኖር ነበር። ይህን የሚከለክለው ዘይቱ ነው። ቱቦዎቹ ሲንሸራተቱ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ለማለፍ ይገደዳል፤ በዚሁ ትግል የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዘይት የሚገታ እንዲህ ያለ ፎርክ ይዘው ለገበያ ከቀረቡት ከመጀመሪያዎቹ ሞተር ብስክሌቶች አንዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ ያወጣው አር 12 ነበር።

ከጊዜ ብዛት ግን ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ፤ አቧራና እርጥበት ዘይቱን ያበላሹታል። ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ ሲቀደድም ዘይቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ የፈሰሰው ፍሬኑ ላይ ከወረደ ደግሞ ፍሬኑ አይዝም።

ምልክቶቹ

የፊት ፍሬን ይዘው መሪውን በኃይል ወደ ታች ይጫኑና ይልቀቁ። ደኅና ፎርክ በዝግታ ተነሥቶ ይቆማል፤ የተበላሸው ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል። በሚያብረቀርቀው ቱቦ ዙሪያ የዘይት ቀለበት ከታየም ጎሚኒው ተጎድቷል።

አሠራሩ

አንደኛ፤ ብስክሌቱን አስተካክሎ ማቆምና ከሞተሩ ሥር ክሪክ ወይም ጠንካራ ሣጥን አድርጎ የፊት ጎማውን ከመሬት ማንሣት። ይህ ሳይደረግ የፎርኩ ክዳን ቢከፈት ሞላው ተስፈንጥሮ ሰው ይጎዳል፤ ብስክሌቱም ይወድቃል።

ሁለተኛ፤ ቱቦውን ከላይ ያጣበቀውን ብሎን ማላላት፤ ክዳኑ ላይ የአየር መንፊያ ካለ አየሩን አስቀድሞ ማውጣት። ከዚያ ፊትን ገለል አድርጎ፤ ክዳኑን በእጅ እየተጫኑ ቀስ በቀስ መፍታትና ሞላውን ማውጣት።

ሦስተኛ፤ ፍሬኑን በጨርቅና በላስቲክ ሸፍኖ ከእግሩ ግርጌ ያለውን የማፍሰሻ ብሎን መፍታት፤ ፎርኩንም ከፍ ዝቅ እያደረጉ ዘይቱን በሣህን መቀበል። አንዳንዱ ዓይነት ማፍሰሻ ስለሌለው እግሩን ነቅሎ መገልበጥ ያስፈልጋል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

አራተኛ፤ የማፍሰሻውን ብሎን በአዲስ ሮንዴላ መልሶ መጽሐፉ የሚያዘውን የፎርክ ዘይት በመስፈሪያ መሙላት። ዘይቱ በቁጥር ይለያል፤ 5 ቀጭን፤ 10 መካከለኛ፤ 15 ወፍራም ነው። ይሁንና የአንዱ ፋብሪካ 10 ከሌላው 10 ጋር ሁልጊዜ ስለማይተካከል ለሁለቱም እግር ከአንድ ጠርሙስ መቅዳት ይገባል። ብዙ መጽሐፎች ሁለት መጠን ይሰጣሉ፤ ትንሹ ዘይት ብቻ ሲለወጥ፤ ትልቁ ፎርኩ ተፈትቶ ታጥቦ ሲደርቅ ነው።

አምስተኛ፤ አየሩ እንዲወጣ ፎርኩን አሥር ጊዜ ያህል በዝግታ ከፍ ዝቅ ማድረግ። መጽሐፉ የዘይቱን ከፍታ በሚሊ ሜትር ከሰጠ፤ ሞላው እንደ ወጣ ፎርኩን እስከ መጨረሻው ጨምቆ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ መለካት። ሁለቱ እግሮች እኩል መሆን አለባቸው። «ትንሽ ቢበዛ ምን አለ?» የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ከዘይቱ በላይ ያለው አየርም እንደ ሞላ ስለሚሠራ፤ ዘይቱ ሲበዛ ፎርኩ ይደርቃል፤ ጎሚኒውም ይፈነዳል።

ስድስተኛ፤ ሞላውንና ክዳኑን መመለስ፤ ያላላነውን ብሎን ሁሉ ማጥበቅ፤ ፍሬኑን ፈትኖ በመጀመሪያ በዝግታ መንዳት። አሮጌው ዘይት ምንጭና እርሻ ስለሚያበላሽ ቦይ ውስጥ አይደፋም፤ በጀሪካን ይጠራቀማል።

እኛ ያገኘነው

ከአጎቴ ፎርክ የግራ እግር የወጣው ዘይት አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አልሞላም፤ ከቀኙ የእርሱ ሦስት እጥፍ ወጣ። ሁለቱም ጥቁርና እንደ በሰበሰ ዓሣ የሚሸት ነበር። የግራው ጎሚኒ ተቀዶ ስለነበር፤ ፎርኩን ፈትቶ ጎሚኒ መለወጥ ልምድ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን አውቀን ሁለቱንም እግሮች ለባለሙያ ሰጠን፤ ተፈትተው ደርቀው ስለመጡም ትልቁን መጠን ሞላንባቸው። አጎቴ ዝም ብሎ ሣህኑን ሲመለከት ቆየና «ክንዴን የሰበረችው ፍየሏ አይደለችም» አለኝ።

ዛሬ ክንዱ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ እናቴም እንደ ቀድሞው ከኋላው ተቀምጣ ገበያ ትሄዳለች። ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ለመግዛት የምታስቡ ወላጆች፤ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምታችሁ ገንዘብ አትክፈሉ፤ መሪውንም ተጫኑ። ከገዛችሁም በኋላ የፎርኩ ዘይት መቼ እንደ ተለወጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ከሌለ ሳትነዱት ለውጡት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና።