የውጅግራን ዘመን ስለ መለየት

ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ የፈረንሳይ ሠራዊት በ1874 በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀበለው የግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፊዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው። መቀርቀሪያው እየተሳበ አንዳንድ ጥይት ብቻ ይጐርሳል፤ የጥይቱም ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው። በብረቱ ላይ ከሞዴሉ ስም ጋር የተቀረጸው «1874» የዓይነቱ መለያ እንጂ የዚያ ጠመንጃ የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ «1866-74» የሚል ቢገኝ ግን ከቀድሞው ከሻስፖ ጠመንጃ ተለውጦ የተዘጋጀ መሆኑን ያስረዳል። የሥራውን ዓመት የሚያመለክተው በበርሜሉ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ፥ «1881»ን እንደ ኢትዮጵያ ዘመን የሚያነብ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ቁጥሩ ጠመንጃው በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ጦርነት መድረስ ይችል እንደ ነበረ ያስረዳል፤ መዋሉን ግን አይመሰክርም፤ ይህ የባለቤቶቹ ቃል ድርሻ ነው። ዝገት ለማስለቀቅ ብረቱን የሚሞርድ ሰው ግን የመጀመሪያውን ምስክር ለዘለዓለም ያጠፋል።