ማስነበብ ያስቀጣው መምህር

ነብራስካ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ አገሩ የእርሻ አገር ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ብዙ የጀርመን ገበሬዎች መሬት ፍለጋ ባሕር ተሻግረው እዚያ ሰፈሩ። ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ አጠገቡም ልጆቻቸው በጀርመንኛ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈቱ። እንግሊዝኛውን ልጅ ከጎረቤትም ከገበያም ይለቅመዋል። የአያቱን የጸሎት መጽሐፍ ግን ሳይማር እንዴት አድርጎ ያነበዋል?

በ1917 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ገጠመች። ያን ጊዜ ጀርመንኛ የጠላት ቋንቋ ተባለ። ነብራስካም በ1919 ስምንተኛ ክፍልን ላልጨረሰ ልጅ የውጭ ቋንቋ ማስተማርን በሕግ ከለከለች።

ሐምፕተን በምትባል መንደር ሮበርት ሜየር የሚባል መምህር ነበር። በ1920 አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተያዘ፤ 25 ዶላርም ተቀጣ። ከፍሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ይግባኝ አለ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ፈረደበት። በ1923 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ከዘጠኙ ዳኞች ሰባቱ፣ መምህር የማስተማር፣ ወላጅም ልጁን የማስማር መብት አለው አሉ። ለአንድ ልጅ ንባብ የሦስት ዓመት ሙግት!

መምህሩ ከቅጣቱ ዳነ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ግን በጦርነቱ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ እንደ ዞሩ ቀሩ።