ከገዳሪፍ ድንበር ሲታይ፦ ፎቶ ጋዜጠኞች ከቀጣዩ የባለሙያ ካሜራ ምን ይጠብቃሉ?

ኅዳር 2013 ዓ.ም. ሱዳናውያን ሰቲት በሚሉት በተከዜ ወንዝ ዳር፣ ሐምዳይት በተባለችው የድንበር መንደር፣ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ይሻገሩ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥራቸው ከ60 ሺህ በላይ ደረሰ። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በሚገኙት በኡም ራኩባ እና በቱናይድባ መጠለያ ጣቢያዎች ሰፈሩ። ዓለም የዚያን ስደት መጠን የተረዳው በአብዛኛው በወንዙ ዳር እና በመጠለያዎቹ በተነሱ ፎቶዎች ነው።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የስደቱ አቅጣጫ ተገለበጠ። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር እና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ መጉረፍ ጀመሩ። ከካርቱም እና ከሌሎች ከተሞች የተፈናቀሉ በርካቶች ደግሞ በገዳሪፍ ተጠለሉ።

በእንዲህ ዓይነት ስፍራ የሚሠራ ፎቶ ጋዜጠኛ ስለ አዲስ ካሜራ ሲያስብ የሚያነሳው ጥያቄ፣ በስታዲየም ጠርዝ ከሚሠራው ባልደረባው ይለያል። የመጀመሪያው ጥያቄ ካሜራው ምን ያህል ይፈጥናል የሚል አይደለም። ካሜራው ሙቀቱን እና አቧራውን ይችላል? ያነሳው ምስል እውነተኛ መሆኑን ማስረዳት ይችላል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በምስሉ ላይ ያለውን ሰው ከአደጋ ይጠብቃል?

አምራቾቹ የሚወዳደሩት በምንድን ነው?

ትልልቆቹ የካሜራ አምራቾች ዋና ዋና የባለሙያ ሞዴሎቻቸውን ብዙ ጊዜ ከኦሊምፒክ ውድድሮች ጋር አቀራርበው ያወጣሉ። ካነን 'ኢኦኤስ አር1' የተሰኘውን ካሜራ ያስተዋወቀው የፓሪስ ኦሊምፒክ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት፣ እአአ ሐምሌ 2024 ነበር። የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በ2028 ይካሄዳል፤ የባለሙያዎቹም ዓይን በቀጣዮቹ ሞዴሎች ላይ ነው።

ውድድሩ በአመዛኙ የፍጥነት ነው። እአአ በ2023 መገባደጃ ይፋ የሆነው የሶኒ 'ኤ9 ማርክ ሦስት' በአንድ ሰከንድ እስከ 120 ምስሎችን ያነሳል። በተለመደው ሴንሰር ምስሉ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ስለሆነ፣ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር ሊጣመም ይችላል። የሶኒው ሴንሰር ግን ምስሉን በሙሉ በአንድ ቅጽበት ይመዘግባል። የካነኑ 'አር1' በበኩሉ በሰከንድ እስከ 40 ምስሎችን ያነሳል።

ለሩጫ እና ለእግር ኳስ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም በሰከንድ 40 ምስል የሚያነሳ ካሜራ በአሥር ሰከንድ ውስጥ 400 ምስል ያከማቻል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት የድንበር አካባቢ ይህን ሁሉ መርጦ መላክ በራሱ ሸክም ነው። እአአ በየካቲት 2024 በአብዛኛው የሱዳን ክፍል የስልክ እና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል።

ከዚህ ውድድር ለድንበሩ ፎቶ ጋዜጠኛ የተረፈው ምናልባት ዝምታው ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ያለ አንዳች ድምፅ ማንሳት ስለሚችሉ፣ በሕክምና ድንኳን ወይም በለቅሶ ቤት የሰዎችን ኀዘን አይረብሹም።

አርባ ዲግሪ እና ዋልካ አፈር

ገዳሪፍ ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ፣ በማሽላ እና በሰሊጥ ምርቷ የታወቀች ግዛት ናት። በሚያዝያ እና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ ዋልካውን አፈር ወደ ጭቃ ይለውጠውና መኪና ይይዛል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናሉ።

የአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች መመሪያ ደግሞ መሣሪያው ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ የተሰናዳ መሆኑን ይገልጻል። በሌላ አነጋገር፣ የገዳሪፍ በጋ የሚጀምረው የካሜራው ዋስትና በሚያበቃበት ነው። ካሜራው ወዲያው ሥራ ያቆማል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጥራቱ የላቀ ቪዲዮ በሚቀረጽበት ጊዜ ከውስጥ የሚመነጨው ሙቀት ከውጭው ጋር ሲደመር መሣሪያው ራሱን ለማዳን ሊጠፋ ይችላል።

ባትሪም ሌላው ጭንቀት ነው። በመስታወት ይሠሩ የነበሩት የቀድሞ ካሜራዎች ኃይል ቆጣቢ ነበሩ። በኢንዱስትሪው የጋራ መለኪያ መሠረት የኒኮን 'ዲ6' በአንድ ባትሪ 3,580 ምስል ያነሳ ነበር። መስታወት አልባው የኒኮን 'ዜድ9' በዚሁ መለኪያ የሚያነሳው ግን 700 ገደማ ነው። ምክንያቱ ፎቶ አንሺው የሚመለከትበት መስኮት ራሱ ትንሽ ስክሪን መሆኑ ነው። በተከታታይ ሲነሳ ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ቢጨምርም፣ መብራት በሌለበት መጠለያ ለቀናት ለሚቆይ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመኪና ወይም በፀሐይ ኃይል በቀላል ገመድ መሞላት መቻላቸው ግን የአዳዲሶቹ ጥሩ ጎን ነው።

ስለዚህ ከቀጣዩ ሞዴል የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር ከፍጥነት ይልቅ ጽናት ነው፦ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚዘልቅ ዋስትና፣ አቧራ የማያስገባ አካል እና ረጅም ዕድሜ ያለው ባትሪ።

ብርሃን እና የጠቆረ ገጽታ

ካሜራዎች በጨለማ የማየት አቅማቸው ምን ያህል እንዳደገ ለማስረዳት የሱዳን አብዮት አንድ ዝነኛ ምስል አበርክቷል። እአአ ሰኔ 19/2019 መብራት በጠፋበት የካርቱም ምሽት፣ አንድ ወጣት በተቃዋሚዎች ተከቦ ግጥም ሲያሰማ ብርሃን የሆኑት የጓደኞቹ የእጅ ስልኮች ነበሩ። የአዣንስ ፍራንስ ፕሬስ ባልደረባው ያሱዮሺ ቺባ ያነሳው ይህ ፎቶ የ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድርን የዓመቱን ምርጥ ፎቶ ሽልማት አሸንፏል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ አየነ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ቤተሰቦቿን ያጣች ሴትን ኀዘን ባሳየበት ፎቶ ለዚሁ ሽልማት ታጭቶ ነበር።

ሆኖም ጨለማን ማየት እና የጠቆረ ፊትን በትክክል ማየት አንድ አይደሉም። በፊልም ዘመን የኮዳክ የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴቶችን ፊት መለኪያ አድርገው ቆይተዋል። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ፊትን እና ዓይንን ራሳቸው ለይተው የሚያተኩሩት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ አስተውሎቱ የሚማረው ደግሞ ከቀረቡለት ምስሎች ነው። ጆይ ቡኦላምዊኒ እና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እአአ በ2018 ያሳተሙት ጥናት፣ የፊት ምስልን የሚተነትኑ ሦስት የንግድ ሶፍትዌሮችን ፈትሾ ነበር። ጾታን በመለየት ረገድ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ የታየው ስህተት እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ በነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ግን ከ1 በመቶ በታች ነበር።

ጥናቱ የተሠራው በካሜራዎች ላይ አይደለም። ቢሆንም በነጠላ ወይም በሱዳን ቶብ የተሸፈነን የጠቆረ ፊት በቀትር ፀሐይ የሚያነሳ ባለሙያ፣ አምራቾች መሣሪያቸውን በማን ፊት ላይ እንደፈተኑት መጠየቁ ተገቢ ያደርገዋል።

ምስሉ እውነተኛ መሆኑን ማን ይመሰክራል?

በትግራይም ሆነ በሱዳን ጦርነት ወቅት ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ዘመን የተወሰዱ ፎቶዎች 'የዛሬ' ተብለው በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭተዋል። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈበረኩት ተጨምረዋል። የዚህ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ሐሰተኛው ይታመናል፣ እውነተኛውም 'ተቀነባብሯል' ተብሎ ይካዳል።

አንዱ የመፍትሔ ሐሳብ በካሜራው ውስጥ የሚቀመጥ ዲጂታል ፊርማ ነው። ካሜራው ምስሉን በሚያነሳበት ቅጽበት በምስጢራዊ ቁልፍ ያትመዋል። ከዚያ በኋላ ምስሉ ቢነካካ ማኅተሙ አይገጥምም። በጋራ መስፈርት ላይ የተመሠረተውን ይህን ቴክኖሎጂ በመጀመሪያ የያዘው ካሜራ እአአ ጥቅምት 2023 የወጣው የላይካ 'ኤም11-ፒ' ነው።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። ኒኮን በ2025 ተመሳሳይ አገልግሎት በአንድ ሞዴሉ ላይ ከጀመረ በኋላ፣ ካሜራው ራሱ ያላነሳውን ምስል እንዲፈርም ማታለል እንደሚቻል በመታወቁ አገልግሎቱን አቋርጦ የተሰጡትን ማረጋገጫዎች ሰርዟል። ከዓመታት በፊትም የካነን እና የኒኮን ቀደምት የማረጋገጫ ዘዴዎች በባለሙያዎች ተሰብረው ነበር።

ለድንበር አካባቢ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጠንካራ ማስረጃ ምስሉ መቼ፣ የት እና በማን እንደተነሳ የሚናገር ነው። ሰቲትን ተሻግሮ የመጣ እና የተወው ቤተሰብ ከወንዙ ማዶ ለቀረ ሰው፣ ያለበት ትክክለኛ ቦታ በምስሉ ውስጥ ተቀብሮ መጓዙ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚጠበቀው ፊርማ የምስሉን እውነተኛነት ሲያረጋግጥ፣ ቦታውን እና ስሙን ለይቶ መሰወር የሚያስችል ነው።

ኬላ ላይ የሚከፈት ካሜራ

ከተስፋዎቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው እና ገና ምላሽ በቅጡ ያላገኘው ይህ ነው። እአአ ታኅሣሥ 2016 ከ150 በላይ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች እና ፎቶ ጋዜጠኞች፣ የፕሬስ ነፃነት ፋውንዴሽን ባዘጋጀው ግልጽ ደብዳቤ፣ ካነን፣ ኒኮን፣ ሶኒ፣ ፉጂፊልም እና ኦሊምፐስ በካሜራዎቻቸው ውስጥ ምስጠራን እንዲያካትቱ ጠይቀው ነበር። ምስሎች በተነሱበት ቅጽበት ይመስጠሩ፤ ካርዱ በሌላ እጅ ቢገባ አይነበብ ነው ጥያቄው።

የእጅ ስልኮች ይህን ካደረጉ ዓመታት ተቆጥረዋል። በባለሙያ ካሜራዎች ላይ ግን የተለመደ አልሆነም። ሜሞሪ ካርዱን ያገኘ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በውስጡ ያለውን ፊት ሁሉ ማየት ይችላል። በጦርነት ቀጠና ውስጥ ባለ ኬላ ይህ ማለት ፎቶ አንሺውን ያመኑ ሰዎች ዝርዝር ለፈታሹ ቀረበ ማለት ነው።

አንዱ አማራጭ ካሜራው ምስሉን ቆልፎ እንዲያስቀምጥ፣ መክፈቻው ቁልፍ ግን በአርታኢው ዘንድ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። የተቆለፈ ካሜራ በራሱ ጥርጣሬን ይጭራል፤ ባለቤቱም የይለፍ ቃሉን እንዲናገር ሊገደድ ይችላል። ምስጠራ ካሜራውን ይሰውራል እንጂ ሰውየውን ከኬላው አያሳልፈውም።

ምናልባት ለዚህ ነው አንዳንዶች ትልቁን ካሜራ እስከነጭራሹ የተዉት። በ2025 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ከአፍሪካ ከተሸለሙት አንዱ፣ ሱዳናዊው ሞሳብ አቡሻማ በጦርነት ውስጥ ባለችው ኦምዱርማን የአንድ ሙሽራን ሠርግ ያነሳበት ፎቶ ነው። ምስሉ የተነሳው በእጅ ስልክ ነበር።

ዋጋውም ሌላ ግድግዳ ነው። የካነኑ 'አር1' ለገበያ ሲቀርብ 6,299 ዶላር የተተመነ ሲሆን፣ ሌንሱ ለብቻው ይገዛል። ለገዳሪፍ ወይም ለጎንደር ነፃ ፎቶ ጋዜጠኛ ይህ የማይደረስበት ገንዘብ ነው። በመሆኑም ፊርማውም ሆነ ምስጠራው በውዱ ሞዴል ብቻ ሳይወሰን፣ በሶፍትዌር ማሻሻያ ወደ ርካሾቹ እና ወደ ቀደሙት ካሜራዎች መውረዱ ከአዲሱ ሞዴል መውጣት ያልተናነሰ ትርጉም አለው።

ምሥራቅ ሱዳን ለካሜራ አዲስ አይደለም። ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ እአአ በ1985 ከሰላ አቅራቢያ በሚገኘው በወድ ሸሪፌ መጠለያ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎችን በጥቁር እና ነጭ ፊልም አንስቷል። ያኔ ፊልሙ ታጥቦ፣ ታትሞ፣ ለአንባቢ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ የተነሳው ሰው እስከዚያ ድረስ ሌላ ቦታ ሊደርስ ይችላል። ዛሬ ምስሉ በደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል፣ ፊቱንም የሚለይ ሶፍትዌር አለ፤ ሰውየው ግን ገና እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው። ቀጣዮቹ የባለሙያ ካሜራዎች ሲመጡ ከድንበሩ የሚጠየቁት ለዚህ ሰው የሚሰጡት ጥበቃ ነው።