የድሮን ፋብሪካ አክሲዮን ያዋጣል ወይ?

የቡናና የበቆሎ ዋጋ ማታ እለቃለሁ፤ አሁን ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ደጋግሞ ስለመጣው ጥያቄ።

አገር ውስጥ የሚታወቀው ስካይዊን ኤሮኖቲክስ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመረቀ። አክሲዮኑ ግን በሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የለም። የቲቢ2 አምራቹ የቱርኩ ባይካርም የቤተሰብ ድርጅት ነው። "የድሮን አክሲዮን አለኝ" የሚል ደላላ ከመጣ (እኔም ደላላ ነኝ፣ አውቀዋለሁ) የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያጸደቀውን የደንበኛ ሳቢ መግለጫ አሳየኝ በሉት። በአዋጅ 1248/2013 ያለዚያ ለሕዝብ መሸጥ አይቻልም።

መግለጫ ይዞ አነስ ያለ ድርጅት ቢመጣስ? እኔ መጀመሪያ የማየው ገዢውን ነው። በቆሎህን ዩኒየን ባይገዛህ ዱቄት ፋብሪካ ይገዛሃል። የጦር ድሮን ገዢ ግን መንግሥት ብቻ ነው፤ ውሉ ሲዘገይ ደመወዝና የባንክ ወለድ አይዘገይም። የተፈረመ ውል ስንት ነው? ቅድመ ክፍያስ አለው? ዕቃውስ ከየት ነው የሚመጣ? ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2020 ካሜራ ስትከለክል ባይካር እንኳ ሌላ መፈለግ ግድ ሆኖበታል።

ነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ ከሰማይ የወረደውን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለው። እኔ አላስገባም።

መግለጫ የደረሰው ካለ ፎቶ አንስቶ በውስጥ መስመር ይላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።